አራት ጥንቸል ወይም ቁልፍ

ጋሼ ሽቦውን የዘረጉት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥቅሉን ከመኪናቸው አውርደው፣ ምስማሩን በከንፈራቸው ይዘው፣ ከጀርባው አጥር ጀምረው እስከ በሩ ድረስ መሬታችንን ለሁለት ከፈሉት። አባቴ የጥንቸሎቹን ውሃ መጠጫ እያጠበ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየም። እኔ ሽቦው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ተቀምጬ መቀስ እየሳልኩ ነበር።

«ተነሳ» አሉኝ። «ወይ ወዲህ ሁን ወይ ወዲያ።»

አባቴ ወዳለበት ሄድኩ። ጋሼ ምስማሩን መቱት።

በሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ሽቦው በሩ ፊት ለፊት ደርሶ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግቢው የገባ ሰው ሁሉ ገና አንድ እግሩን ሲያሳርፍ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መምረጥ አለበት። በግራ የአባቴ መጠለያ፣ በቀኝ የጋሼ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሌላው ቢዘረጋለት የሚነካካ ነው።

መሬቱ ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ኒዳ ወንዝ አጠገብ፣ የትናንሽ እንስሳት አርቢዎች ማኅበር ግቢ ውስጥ ነው። ማኅበሩን እኛም እንደ ሰዉ ፌራይን እንለዋለን። ዶሮ የሚያረቡ አሉ፣ እርግብ የሚያረቡ አሉ፣ ከሁሉም የሚበዙት ግን ባለ ጥንቸሎቹ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ሁሉም ምርጥ ምርጡን አጥቦ አበጥሮ ለትርኢት ያቀርባል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ዳኛ ይመጣና ነጥብ ይሰጣል። አጥቦ ያልኩት ስለ ሌሎቹ ነው። የእኛ አይታጠብም።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ያለው ነገር ሲበላሽ በዚያው ቀርተው፣ ሆኽስት የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ ወጡ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ጀርመን ሲሞት ሚስቱ ጠርታ ስድስት ነጭ የአንጎራ ጥንቸሎች አሳየቻቸውና፣ ወይ ይውሰዷቸው ወይ ነገ ለሥጋ ይሄዳሉ አለቻቸው። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው ናቸው፤ ጥንቸል ለእሳቸው የሚበላ ነገር አይደለም። ስድስቱ ሊታረዱ ነው ሲባል ያሳዘናቸው ሳይሆን ያስጠላቸው ይመስለኛል። ብቻ ወሰዷቸው፤ መሬቱንም አብረው ተረከቡ። አባቴ ከአገር ቤት ሲመጣ ደግሞ እሱን ጨመሩበት። ፌራይኑ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ነው የተመዘገቡት፤ የእያንዳንዱ ጥንቸል ጆሮ ውስጥ የሚነቀሰውም ያ አንድ ቁጥር ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለዓመታት ተሳቀብን። «ጋሽዬ፣ ኬሚስትሪ አስተምረን የላክንዎ በግ እንኳን ያልሆነ ነገር እንዲሸልቱ ነው?» ይሏቸው ነበር የዱሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው። ጋሼ አይመልሱም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «በግ ሲያዩት ያዛጋል፤ የእኔ አያዛጋም» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የአንጎራ ጥንቸል ከሩቅ እንስሳ አይመስልም፤ ሰው ረስቶት የሄደ የተባዘተ ጥጥ ነው። ከጥጡ ውስጥ ቀይ ዓይን ሲያይህ ነው የምትደነግጠው። በየሦስት ወሩ ይሸለታል። ጸጉሩ ያዳልጣል፣ እጅ ሲሞቅ ይለጠፋል፣ ነፋስ ካገኘው አይገኝም። የጀርባው ረጅሙ ለብቻ፣ የሆዱ ለብቻ፣ የተቋጠረው ለብቻ ይቀመጣል። መሸለቱና መለየቱ የእኔ ሥራ ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ የመጀመሪያው ትምህርታቸውም ስለ መቀስ ሳይሆን ስለ ውሃ ነበር። አንጎራ ከረጠበ ራሱን ይልሳል፣ ይታሻል፤ ጸጉሩም እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ባና ይሆናል። ባና ከሆነ በኋላ መቁረጥ እንጂ መፍታት የለም። አንዴ እጄን ታጥቤ ሳላደርቅ አንዷን ስነካ አይተው ለአንድ ወር ወደ መጠለያው እንዳልገባ ከልክለውኛል።

ጸጉሩን እናቴ ቦናመስ ባለው ቤታችን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። መጀመሪያ እንደ ጥጥ በደጋን ልትነድፈው ሞክራ ሳሎኑ ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ሆኖ ከረመ፤ ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ጸጉር አገኘን። ከዚያ ወዲህ ሳትነድፍ እንዳለ ነው የምትፈትለው። ጥሩው ክር ለትርኢት ይቀርባል። ከእሱ የተረፈው የጋሼ ጉልበት ማሞቂያ ይሆናል፤ ጉልበታቸው በብርድ ያማቸዋል።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጌታን ተቀብሎ፣ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ከሚሰበሰብ ጉባኤ ጋር ማምለክ ጀመረ። ጋሼ ለሁለት ወር አኮረፉ፣ ከዚያ ተዉት። ጥንቸሎቹን ማብላት ነበረባቸውና ስለ ሃይማኖት ሳይነጋገሩ መሥራትን ለመዱ። ችግሩ የመጣው ከአዳራሹ ነው። ከአምልኮ በኋላ ወንበር ስናጣጥፍ ወንድሞች በአባቴ ላይ ይቀልዱ ነበር።

«ወንድማችን ጥንቸል አርቢው፣ አንድ ቀን ጠብሰህ አታበላንም?»

«ኧረ እሱ ራሱ ቀምሶ አያውቅም።»

«እንዴት ነው ነገሩ? ጌታ ነፃ ያወጣው ሰው ጥንቸል ይፈራል?»

«ልቡ ወጥቷል፤ ሆዱ ነው እዚያ የቀረው።»

አባቴ አብሯቸው ይስቅ ነበር። ወደ ቦናመስ ስንመለስ ግን ባቡር ውስጥ መስኮቱን እያየ ይቀመጣል፤ እናቴ ስታናግረው አይሰማም።

ሽቦው በተዘረጋበት ዓመት በግንቦት ፌራይኑ የጸደይ ድግሱን ደገሰ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የትራም መካኒክ ነው፤ በየዓመቱ በትልቅ ድስት ጥንቸል በወይን ይሠራል። እኛ በየዓመቱ ከቤት ምስርና ዳቦ ይዘን መጥተን ጥግ ላይ እንበላለን፤ ሰዉም ለምዶናል። ያን ቀን አባቴ ሳህን አንስቶ ድስቱ ጋ ተሰለፈ። ጋሼ ሲያዩት ሹካቸውን አስቀመጡ። አባቴ ሳህኑን ሞልቶ መጣ፤ ሌላ ወንበር እያለ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስቀር በላ። ሳህኑንም በዳቦ ጠረገው።

«ይጣፍጣል» አለ።

«ከማን መጠለያ እንደሆነ ጠይቀሃል?» አሉት ጋሼ።

«ከማንም ይሁን። የፈጠረው አንድ ነው።»

«ተነስና እጅህን ታጠብ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«አልታጠብክም» አሉ ጋሼ። «በዚህ እጅህ ከእንግዲህ የኔን እንስሳ አትነካም።» ተነስተው ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ የጥንቸሎቹን ድርቆሽ ሣር ላመጣ ወደ ጀርባ ስሄድ አባቴን ከማገዶው ክምር ኋላ አገኘሁት። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ያስመልሰዋል። የበላው ሁሉ ነው የወጣው። ቀና ሲል አየኝ። አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ወይን አብዝቶበታል ሰውዬው» አለኝ።

«እሺ።»

«የሚወራ ነገር አይደለም።»

«እሺ» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽቦው ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ወንድማማቾቹ በእኔ በኩል ብቻ ተነጋገሩ። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» እያለ፣ አንቱ እያለ ያደገ ሰው ነው፤ እኛም ጋሼ የምንላቸው ከእሱ ሰምተን ነው። ከሽቦው በኋላ ግን «ሰውዬው» ሆኑ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይመጣሉ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ የሚናገረውን ሌላው ቃል በቃል ይሰማል።

«ለአባትህ ድርቆሹ እርጥብ ነው በለው» ይሉኛል ጋሼ።

«ድርቆሹ እርጥብ ነው» እላለሁ ዞሬ።

«ሰምቻለሁ በለው።»

«ሰምቷል» እላለሁ።

«መስማቱንማ አየሁ» ይላሉ ጋሼ። «ይለውጠው።»

በሰኔ እናቴ አዲስ የጉልበት ማሞቂያ ሠርታ ላከችላቸው። ጋሼ በሽቦው ላይ ተቀብለውኝ ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝ። «ጸጉሩ ከየትኛው ወገን ነው?» አሉ። ካለፈው ዓመት ነው፣ ያኔ ወገን አልነበረም አልኳቸው። ቢሆንም አልተቀበሉም። እናቴ ማሞቂያውን ስመልስላት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። «እግዜር የሰጣቸውን አንድ ወንድም በጥንቸል ሥጋ ለወጡት» አለች። «ሁለቱም ናቸው። ያንተ አባት በልቶ፣ እሳቸው ሳይበሉ።»

በመስከረም መጨረሻ ሊቀመንበሩ መጣ። በር ላይ ቆሞ ሽቦውን አየ። ግራ ወይም ቀኝ አልመረጠም፤ እዚያው ቆሞ ተናገረ። ባለፈው ዓመት በእንስሶቹ በሽታ ምክንያት ትርኢት አላቀረብንም ነበር። በፌራይኑ ሕግ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ መሬቱን ይለቃል። ለአንድ የምዝገባ ቁጥር የሚቀርበው ደግሞ አራት እንስሳ ነው፤ ከአራቱ አንዱን እንኳ ዳኛው ከጣለው አልቀረበም ይባላል።

«በመካከላችሁ ያለው ነገር አያገባኝም» አለ። «እኔ መዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ቁጥር ነው የማየው። አራት ጥንቸል ወይም ቁልፍ።» ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። የልጁ ባል እርግብ ያረባል፤ መሬት እየጠበቀ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። «ስለ እንስሶቹ አታስቡ» ብሎ ጨመረ። «ካስፈለገ ሁሉንም እኔ እረከብላችኋለሁ።»

ለሁላችንም ድስቱ ታየን። ሃያ ጥንቸል ቦናመስ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አይኖርም፤ ጋሼም የሚኖሩት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ገዢም የለም፤ ዛሬ አንጎራ መሸለት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። መሬቱ ከሄደ ከስድስቱ ጀምሮ የመጣው ዘር እዚያው ላይ ያበቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ከግራ፣ ሁለት ከቀኝ እንዲቀርብ ተስማሙ፤ የተስማሙት በእኔ በኩል ነው። ከግራ የተመረጡት አንድ ወጣት ወንድ ጥንቸልና እናቱ ናቸው። እናትየዋ ከሁሉም የበለጠች ናት። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስትነፋበት ቆዳዋ በጭንቅ ይታያል፤ የጆሮዋ ጫፍ ላይ ያለው ጉተና ሁለቱም እኩል ነው። ገና እንደተወለደች እናቷ ሞታባት ወተት በጠብታ እየሰጠሁ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ከሰው የማትሸሸው። ሌሎቹ ሰው ሲመጣ ወደ ጨለማው ይገባሉ፤ እሷ ግን ወደ ሣጥኗ ሽቦ ትቀርባለች። በነሐሴ ሸልቼ፣ ለትርኢቱ ቀን ጸጉሯ በልኩ እንዲደርስ አስቤ፣ በየምሽቱ እየነፋሁ ሳበጥራት ከረምኩ።

እንስሳ የሚረከቡት ዓርብ እስከ ማታ ነው፤ ዳኛው የሚመጣው ቅዳሜ። ዓርብ ቀትር ላይ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ የአባቴ መጠለያ በር ገርበብ ብሎ ነበር። መቀሶቹ ላይ ጠብታ አለ። ግድግዳው ላይ አለ። መደርደሪያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጧል። ወጣቱ ወንድ ጨለማው ውስጥ ተደብቆ ስለነበር ደረቅ ነው። እናትየዋ የሣጥኗ ሽቦ ጋ ተቀምጣለች። አንገቷና የግራ ትከሻዋ እርጥብ ነው፤ ከጠዋት ጀምራ ስትልሰው ቆይታ ከጆሮዋ ሥር አውራ ጣት የሚያክሉ ቋጠሮዎች ሠርታለች። እጄን ሳቀርብ እንደ ሁልጊዜው ራሷን አስጠጋች።

ጋሼ በቀኝ በኩል ቅርጫታቸውን እያዘጋጁ ነበር። ወደ እኔ አላዩም።

ምን እንዳደረጉ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የትርኢቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት። የእሳቸው ሁለቱ ከአባቴ ሁለቱ አጠገብ፣ አንድ ሽቦ ብቻ በመካከል ሆኖ፣ ሊያድሩ ነው። ስለዚህ አባቴ የጠዋት ፈረቃ ላይ ሳለ፣ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ ገብተው፣ ያ እጅ የነካውን ሁሉ ጸበል ረጩት። ሌሎቹ ሸሹ። የቀረበቻቸው እሷ ብቻ ናት።

አባቴ ከሥራው፣ ከሆኽስት፣ በብስክሌት መጣ። የሥራ ልብሱን እንኳን አልቀየረም። ፊቴን አይቶ ወደ ሣጥኑ ሄደ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ ጣቶቹን አሸተተ። ከዚያ ጠርሙሱን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

መልሱ ከሽቦው ማዶ መጣ። «ጸበል ነው» አሉ ጋሼ። «ስሙን እያወቅከው ልጁን አትጠይቀው።»

ስድስት ወር ያልተሰማ ነገር ነው፤ በቀጥታ ተናገሩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥንቸል አጠብክ?»

አንተ ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አላጠብኩም። ረጨሁ።»

«ነገ ዳኛ ፊት የምትቀርብ አንጎራ ላይ? ውሃ?»

«ውሃ አይደለም።»

«ጸጉሩ ይህን ያውቃል?»

ጋሼ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ገለባ አስተካከሉ። «ጥቂት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይደርቃል ብዬ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ያን ቃል ሌላ ሰው ቢናገረው ከግቢው ያባርሩት ነበር።

አባቴ እናትየዋን ከሣጥኑ አወጣት። ከሥሯ ሳይደግፍ፣ አንጎራ እንደማይያዝ አድርጎ፣ በማጅራቷ አንጠልጥሎ ያዛት። «እንግዲያው ለትርኢት አትሆንም» አለ። «አሁን ወስጄ ለሊቀመንበሩ እሰጣታለሁ። እሑድ ምሳ ትሆናለች። እኔም ሄጄ እበላታለሁ፤ አንተም መጥተህ ታየኛለህ።»

ጋሼ የቅርጫታቸውን ክዳን ዘጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከአራጅ ጎን እንስሳ አላሰልፍም» አሉ። «ቁልፉን ስጠው። ይውሰደው።» ቅርጫቱን አንስተው ወደ መኪናቸው መራመድ ጀመሩ። በዚያ ቅርጫት ውስጥ ሁለቱ ሲሄዱ አራቱ አበቃ፣ መሬቱም አበቃ። የሊቀመንበሩ ቤት ደግሞ ከእኛ በር አርባ እርምጃ አይሞላም።

«አይበላትም» አልኩ።

ሁለቱም ቆሙ። እኔ ሳልጠየቅ የምናገር ሰው አይደለሁም።

«ጋሼ፣ አይበላትም። ያን ቀንም አልበላም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከማገዶው ጀርባ አስመልሶታል። አይቻለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ቅርጫቱን እንደያዙ በሽቦው ላይ አሻግረው አባቴን አዩት።

«ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

በአፍንጫቸው ሳቁ። ሳቁ አጭር ነበር፤ ደግ አልነበረም። ቅርጫቱን ግን መሬት አስቀመጡት።

አባቴ እናትየዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አሁን በሁለት እጁ፣ ከሥሯ ደግፎ ነው። ብስክሌቱን ይዞ እስከ በሩ ሄደና ሳይዞር፣ «ከዛሬ ጀምሮ አፍህ ለእኔ አይከፈት» አለኝ። ሄደ።

ጋሼ ወደ ግራ ዞረው ገቡ። ያመሰግኑኛል ብዬ አልጠበቅኩም። «ገመና አውጪ» አሉኝ። «ያባቱን ሆድ ዕቃ አደባባይ የሚያወጣ ልጅ። የኔ ብትሆን ይህን መቀስ አንተ አፍ ላይ ነበር የማሳርፈው። ያዝ እግሯን።»

ያዝኩ። በመቀስ መንካት አይቻልም፤ ጸጉሯ መካከል ቀዳዳ ከታየ ዳኛው ወዲያው ይጥላታል። ቋጠሮውን በሁለት ጣት ከሥሩ ይዘህ፣ ቆዳዋ እንዳይሳብ፣ ጸጉር በጸጉር ከጫፉ ነው የምታላቅቀው። ጋሼ ይነፋሉ፣ እኔ እለያለሁ፤ እኔ ስነፋ እሳቸው ይለያሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በየጊዜው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ መቀመጫ ሳቀርብላቸው በእግራቸው ገፉት። እናትየዋ አንድ ጊዜም አልታገለችም። የትከሻዋ ተፈታ። ከግራ ጆሮዋ ሥር አንዱ ቋጠሮ ግን ባና ሆኖ ነበር፤ ግማሹን ፈታን፣ ግማሹን በዙሪያው ባለው ጸጉር ሸፈንነው። የፌራይኑ ቤት በር ሊዘጋ ሲል ደረስን። ሊቀመንበሩ የአራቱንም ጆሮ አንድ በአንድ ገልጦ ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ።

ቅዳሜ አባቴ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። መጣ፤ የእሑድ ሱፉን ለብሶ ከእናቴ ጋር ከክር ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ጋሼ ከሣጥኖቹ ወዲህ ቆመዋል። እኔ ከሁለቱም ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ዳኛው ሦስቱን ቶሎ አይቶ አሳለፋቸው። እናትየዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መዘነ፣ ጀርባዋ ላይ ነፋ፣ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ትከሻዋ ላይ ነፋ። አንገቷ ላይ ሲደርስ ቆመና ጣቱን ከጆሮዋ ሥር አስገባ። እዚያው ቆየ።

«ይህች ረጥባለች» አለ። «ማን ነው ያጠባት?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። አባቴ የሚያውቀውን ቢናገር ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር። አፉ ሲከፈት አይቻለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ በጀርመንኛ።

«እርስዎ?» አለ ዳኛው። ያውቃቸዋል፤ ስንት ዓመት ነጥብ ሰጥቷቸዋል። «አንጎራ?»

«ጣሪያው ነው» አለ አባቴ ከክር ጠረጴዛው ጋ። ጀርመንኛው ከጋሼ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጮክ አድርጎ ነው የተናገረው። «ጣሪያው ያፈሳል። እሱ አይደለም።»

«የእናንተ ጣሪያ?» አለ ሊቀመንበሩ። «አምና ነው የቀየራችሁት። መሰላሉን ያዋስኳችሁ እኔ ነኝ።»

«ያፈሳል» አለ አባቴ።

«ያፈሳል» አሉ ጋሼም፣ ፊታቸውን ወደ ሊቀመንበሩ አዙረው። «መሰላሉ ጠማማ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ዳኛው ጸጉሯን እንደገና ለየት ለየት አድርጎ ቀዳዳ ፈለገ፤ አላገኘም። ቋጠሮውን በጣቱ አገላበጠ። ለጸሐፊው የነገረው ነጥብ የማለፊያው መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በታች የሚሰጥ የለም። እስከዚያ ቀን የእኛ ቁጥር እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ግን አለፈች፤ አራቱም አለፉ። ሊቀመንበሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ እርግቦቹ ሄደ።

መውጫው ላይ ሦስታችን ተገጣጠምን። ጋሼ ለአባቴ አንድ ነገር ይናገራሉ ብዬ ቆምኩ። የተናገሩት ለአባቴ ነው፤ የተነገረው ግን ስለ እኔ ነው።

«ይኼ ልጅ» አሉት፣ «የሰማውን ሁሉ የሚተፋ ነው። ከማን ወጣ?»

«ከእኛ ወገን አይደለም» አለ አባቴ።

እናቴ ከኋላችን ነበረች። «ከእኔም አይደለም» አለች። «እኔ የበላሁት ሆዴ ውስጥ ይቆያል።» ማንም አልሳቀላትም። እሷ ግን ከቦርሳዋ የሰኔውን የጉልበት ማሞቂያ አውጥታ ጋሼ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ እሳቸውም መሬት አልጣሉትም።

ሽቦው አልተነሳም። አባቴ አሁንም እሑድ ወደ አዳራሹ ይሄዳል፤ ጋሼ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው። የመጠለያው በሮች ለየብቻ ይቆለፋሉ። አባቴ እቤት ውስጥ ጨው ሲፈልግ እናቴን ይጠይቃል፤ ጨው እኔ ፊት ቢቀመጥም። ያን ነገር ባልናገር እናትየዋ ዛሬ እንደማትኖር እሱም ያውቃል። ማወቁ ነገሩን የባሰ ያከፋበት ይመስለኛል።

ከገና በፊት የሽለታው ቀን ደረሰ። ብርድ ነበር። አባቴ እናትየዋን ጠረጴዛው ላይ ይዞ፣ እኔ ከጀርባዋ ጀምሬ መሸለት ያዝኩ። ጋሼ ከሽቦው ማዶ የራሳቸውን እያበጠሩ ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ነጩ ማሞቂያ ከሱሪያቸው በላይ ታስሯል። አንገቷ ጋ፣ ባናው የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ መቀሱ ሳበ። እናትየዋ ደነገጠች። አባቴ እጁን ጸጉሯ ላይ አደረገና እኔን ሳያይ ወደ ሽቦው ዞረ።

«ጋሼ» አለ። «ለዚህ ልጅ መቀሱ ደንዟል ይበሉት።»

ጋሼ ማበጠሪያቸውን አቆሙ። «መቀሱ ደንዟል» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ሰምቷል» አሉት።

«መስማቱንማ አየሁ» አለ አባቴ። «ይሳለው።»

ሞረዱን አነሳሁ። ጠረጴዛው ጋ ሦስተኛ መቀመጫ ስለሌለ ሽቦው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ተቀመጥኩ።